ጉልበተኛዋ የኤሌክትሪክ ኤስዩቪ አዳማ ላይ ስንት ትበላለች? ራሳችሁ አስሉት

አዳማ ላይ ባለ ሁለት ሞተር ኤስዩቪ የያዘ ሰው ቡና በጠጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። «ይቺ ነገር ስንት ትበላለች?» አንዱ «ኧረ ምንም አትበላ!» ብሎ ይገላገላል። ሌላው ደግሞ «አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ባትሪዋ አይበቃም» ብሎ ያስፈራራል። ሁለቱም ለክተው አይደለም የሚያወሩት። በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛው ሰው ብዙ ነው፣ ወጪውን በቁጥር የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። እኔ የማሳያችሁ መንገድ የሚፈልገው ስልካችሁ ላይ ያለውን ካልኩሌተርና የግቢያችሁን ቆጣሪ ብቻ ነው።

1. ሻጩ የነገራችሁን ርቀት በሁለት ዓይን እዩት

ከቻይና ገበያ የመጡ መኪኖች ላይ የተጻፈው ርቀት ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና ፈተና የተለካ ነው። የዚህ ፈተና አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሄ አዳማ ከተማ ውስጥ ከፖስታ ቤት ወደ ፍራንኮ በባጃጅ መሃል እየተሽሎከለኩ ለመንዳት ይሆናል፣ ለአዲስ አበባ–አዳማው ፈጣን መንገድ ግን አይሆንም። የአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ አማካዩ 46 ገደማ ሆኖ እስከ 131 ስለሚነዳ ለእውነቱ ይቀርባል። ሻጩ ርቀት ሲነግራችሁ በየትኛው ፈተና እንደሆነ ጠይቁት።

ከዚያ ቀላል ስሌት ስሩ። የባትሪውን መጠን በኪሎ ዋት ሰዓት (የቤት ቆጣሪያችሁ በሚቆጥርበት መለኪያ) ያዙ፣ በርቀቱ አካፍሉት፣ በ100 አባዙት። ለ100 ኪሎ ሜትር ስንት እንደምትፈጅ ያወጣላችኋል። ቁልፉ ቁጥር ይሄ ነው፣ ከዚህ በኋላ የምናወራው በሙሉ በሱ ላይ ነው።

ጉልበት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት የቀድሞዋን ኪያ ኢቪ6 ውሰዱ። ሁለት ዓይነቷን እንይ፣ ባትሪያቸው አንድ ነው፣ 77.4 ኪሎ ዋት ሰዓት። በኋላ ሞተር ብቻ የምትሄደው ባለ 19 ኢንች ጎማዋ በአውሮፓው ፈተና 528 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ጂቲ የምትባለዋ ባለ ሁለት ሞተሯ፣ ባለ 21 ኢንቿ ደግሞ 424። ባትሪው ያው፣ ርቀቱ በ20 በመቶ ያነሰ። ሰው ይሄን ሲያይ «ፈረስ ጉልበቱ ነው የበላው» ይላል። እኔ እንደዚያ አላይም። ሞተሩ ካልረገጣችሁት ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። የሚበላው ሰፊው ጎማ፣ ትልቁ ቸርኬ እና ሁሌም ተሸክማችሁት የምትሄዱት ተጨማሪ ክብደት ነው።

2. የራሳችሁን ቁጥር ከቆጣሪ አውጡ

ዳሽቦርዱ የሚነግራችሁ ከባትሪ የወጣውን ነው። ብር የምትከፍሉት ግን ቆጣሪው ላሳለፈው ነው። በመሃል ቻርጅ ሲደረግ በሙቀት የሚባክን አለ፣ ቤት ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይደርሳል።

አለካኩ እንዲህ ነው። መኪናዋን 80 በመቶ ሙሉና የጉዞ መለኪያውን ዜሮ አድርጉት። እንደ ልማዳችሁ ንዱ፣ ለፈተና ብላችሁ ጨዋ አትሁኑ። ከዚያ ማታ እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ፣ ቦይለሩም ከጠፋ በኋላ ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ። ቻርጀሩን ሰኩና እንደገና 80 በመቶ ላይ እንዲያቆም አድርጉት። ጠዋት ከምጣዱ በፊት ሌላ ፎቶ።

ለምሳሌ ማታ 4,812 ይል የነበረ ቆጣሪ ጠዋት 4,847 ቢል ልዩነቱ 35 ነው። አንዱን ለፍሪጅ ተዉለት፣ 34 ይቀራል። የሄዳችሁት 150 ኪሎ ሜትር ከሆነ 34 ሲካፈል ለ150፣ ሲባዛ በ100፣ 22.7 ይመጣል። ዳሽቦርዱ በዚያው ጉዞ 20 ቢላችሁ አትገረሙ። አልዋሸም፣ የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው።

ቆጣሪያችሁ የካርድ ከሆነ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ የቀረው ሂሳብ ስለሆነ ቁጥሩ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ልዩነቱን መያዝ ብቻ ነው፣ ቁጥሩ የብር ሳይሆን የኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑን ግን አረጋግጡ።

3. ወደ ብር ቀይሩት

የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ስለሚሄድ ዛሬ የምነግራችሁ ዋጋ ነገ አይሠራም። ስለዚህ የራሳችሁን ደረሰኝ አውጡ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፣ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ ይጨምራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ የወሩን ሂሳብ በጠቅላላ ኪሎ ዋት ሰዓቱ ያካፍልና አማካዩን ለመኪናው ይወስዳል። ግን መኪናዋ ቤቱ ላይ የተጨመረች ናት፣ ወደ ላይኛው እርከን ያወጣቻችሁም እሷ ናት። የምትቆርጡላት ዋጋ የመጨረሻው እርከን ዋጋ መሆን አለበት፣ ታክሱን ጨምሮ።

ለማሳያ ያህል ብቻ፣ አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት 6 ብር ነው እንበል። 22.7 ሲባዛ በ6፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 136 ብር ነው። በወር 1,500 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 340 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፣ 2,040 ብር። ተመሳሳይ ጉልበት ያላት የቤንዚን ኤስዩቪ ለ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ብትጠጣና ሊትሩ 130 ብር ቢሆን፣ ያው 1,500 ኪሎ ሜትር 21,450 ብር ይመጣል። የሰሞኑን ዋጋ አስገብታችሁ ራሳችሁ ስሩት፣ ልዩነቱ ያን ያህል አይጠብም።

ውጭ ፈጣን ቻርጅ የምታደርጉ ከሆነ ሂሳቡን ለየብቻ ያዙ። አዲስ አበባ ላይ እንደ ኢትዮ ቴሌኮም ባሉ ጣቢያዎች በቴሌብር ስትከፍሉ የገባው ኪሎ ዋት ሰዓት ስልካችሁ ላይ ይቀራል። በወር ውስጥ ከቤት የገባውንና ከውጭ የገባውን በየዋጋው አባዝታችሁ ደምሩ፣ በሄዳችሁት ኪሎ ሜትር አካፍሉ። በቃ።

4. ቤት ቻርጅ ስታደርጉ ሽቦውን አትናቁ

ሶኬት ላይ የሚሰካው ትንሹ ቻርጀር 10 አምፔር ከወሰደ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎ ዋት ነው። ትልቅ ባትሪ በዚህ ለመሙላት ሌሊቱ አይበቃም። 32 አምፔር የሚወስደው የግድግዳ ቻርጀር 7 ኪሎ ዋት ይሰጣል፣ በ8 ሰዓት ውስጥ 50 እና ከዚያ በላይ ኪሎ ዋት ሰዓት ይገባል። ፈጥኖ መሙላቱ ለብክነትም ይረዳል፣ ምክንያቱም ቻርጅ በምታደርጉበት ሰዓት ሁሉ የመኪናዋ ኮምፒውተርና ፓምፕ አብረው ይሠራሉ፣ ሰዓቱ ሲረዝም እነሱም ሲበሉ ያድራሉ።

ግን 32 አምፔር ቀልድ አይደለም። ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው የተዘረጋ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከር፣ እና በትክክል መሬት የተቀበረ ኧርዝ ያስፈልገዋል። ከገበያ በተገዛ የሶኬት ማከፋፈያ ላይ መኪና ሰክቶ መተኛት ቤት ማቃጠል ነው። ለሶኬት የተዘረጋውን ሽቦም አትመኑት። ኤሌክትሪሺያኑን «ኧርዙን በመሣሪያ ለካልኝ» በሉት፣ ካቅማማ ሌላ ጥሩ።

ነጠላ ፌዝ ያለው ቤት የእንጀራ ምጣድና ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር አንድ ላይ ብዙ ጊዜ አይችልም። ምጣዱ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። ቻርጁን በሰዓት ቆጣሪ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር አድርጉት። በዚያ ሰዓት ሰፈሩም ስለሚተኛ ቮልቴጁ ይረጋጋል።

መብራት ይሄዳል፣ ይታወቃል። ስለዚህ ከ30 በመቶ በታች አውርዶ ማሳደር አይመከርም። ወደ ላይ ደግሞ በባትሪው ዓይነት ይወሰናል። ኤልኤፍፒ የሚባለው የብረትና የፎስፌት ባትሪ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቢዋይዲ ብሌድ ባትሪ፣ አልፎ አልፎ 100 መሙላት የፐርሰንት ቆጣሪውን ያስተካክልለታል። ኤንኤምሲ የሚባለው የኒኬል ባትሪ ከሆነ ለዘወትሩ 80 ይበቃዋል። ሁለቱንም ቢሆን ሞልታችሁ የአዳማ ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ አታቁሙ።

5. ዳገቱን ከርቀቱ ለይታችሁ ቁጠሩ

አዳማ ላይ የሚነዳ ሰው ከሁሉም በላይ ሊያውቀው የሚገባው ይሄን ነው። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ 1,600 እና 1,700 ሜትር መሃል ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። 700 ሜትር ገደማ ትወጣላችሁ ማለት ነው። መንገዱ ዝርግ ስለሚመስል አይታወቃችሁም፣ ባትሪው ግን ያውቀዋል።

ስሌቱ በቃል የሚያዝ ነው። ሰው ተጭኖ 2,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። በሞተርና በማርሽ የሚባክነውን ስትጨምሩ 0.7 በሉት። ስትወርዱ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተቀይሮ ከዚያ ውስጥ 0.4 አካባቢ ይመልሳል። ስለዚህ አዳማ–አዲስ አበባ ሲወጡ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ተጨማሪ፣ ሲመለሱ ደግሞ ወደ 3 የሚጠጋ ትርፍ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በዝርግ 20 የምትፈጅ መኪና ስትወጣ 25፣ ስትወርድ 17 ታሳያለች። አንዱን ጉዞ ብቻ አይቶ «መኪናዬ ተበላሸች» ወይም «መኪናዬ ተአምር ናት» ማለት አይገባም። ደርሶ መልሱን ደምሩ።

አሰላ የምትሄዱ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። 75 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፣ ግን ከተማዋ ያለችው ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። በርቀት አዲስ አበባን ታንሳለች፣ በዳገት ትበልጣለች። ወደ መተሐራ ሲሆን ተቃራኒው ነው፣ ወርዳችሁ ደስ ይላችኋል፣ መመለሻው ላይ ነው የሚጠየቀው። ባትሪ ስታሰሉ ሁሌም የመመለሻውን ዳገት አስቀድማችሁ ያዙ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአዲስ አበባ ስትነሱ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልታችሁ አትውጡ። ሙሉ ባትሪ ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ሞተሩ መያዙን ይቀንሳል፣ በፍሬን ሸራ ነው የምትወርዱት፣ የተከፈለበት ኃይል በሙቀት ይባክናል። 85 ወይም 90 ላይ መነሳት ይበቃል።

6. ፍጥነትና ንፋስ

አየር መኪናን የሚገታበት ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ከ90 ወደ 120 ስትሄዱ ፍጥነቱ በሲሶ ጨመረ፣ የአየሩ ግፊያ ግን 1.78 እጥፍ ሆነ። ለእንዲህ ዓይነቷ ኤስዩቪ ይሄ ለ100 ኪሎ ሜትር 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ልዩነት ያመጣል።

እኛ ጋ አንድ ዕድል አለ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በ15 እና 20 በመቶ የሳሳ ነው። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ በ120 የሚነዱ ሰዎች ከሚያማርሩት ቁጥር የእኛ ይቀንሳል። የነዳጅ ሞተር በሳሳ አየር ጉልበቱ ይደክማል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር አይደክምም። ከፍታ ለኢቪ ያደላል።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። ፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ120 ከሄዳችሁ ከ90 ይልቅ 14 ደቂቃ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ፣ ለዚያም ከ5 ያነሰ ኪሎ ዋት ሰዓት ትከፍላላችሁ። በቤት መብራት ሂሳብ 30 ብር አይሞላም! ማኪያቶ እንኳ አይገዛም። ስለዚህ ቤት ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ለቁጠባ ብሎ በ80 እየተንቀራፈፈ መስመር መያዙ ትርጉም የለውም። ቀርፋፋ መሆን የሚጠቅማችሁ ባትሪው ሲያንስ ብቻ ነው። ያኔ 10 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መቀነስ ከምንም በላይ ያደርሳችኋል።

ንፋሱንም አትርሱ። አዳማ ዳር የቆሙት የንፋስ ተርባይኖች ለጌጥ አይደሉም፣ አዳማ አንድ 51 አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት አቅም ያላቸው እዚህ ንፋስ ስላለ ነው። በ100 እየነዳችሁ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ንፋስ ከፊት ቢገጥማችሁ፣ ለአየሩ በ120 እንደምትነዱ ነው የሚቆጠረው። ተርባይኖቹ ወዴት እንደዞሩ አይታችሁ ንፋሱ ከየት እንደሆነ ማወቅ ትችላላችሁ፣ ፊታቸውን ሁሌም ወደ ንፋሱ ነው የሚያዞሩት። ፖርቶ መጋላ ካለም የማትጠቀሙበት ከሆነ አውልቁት።

7. ከተማ ውስጥ

እዚህ ኤሲው ነው ወሳኙ። በአዳማ ሙቀት ኤሲ በአማካይ 1.5 ኪሎ ዋት ቢወስድ፣ በ100 ስትነዱ ለ100 ኪሎ ሜትር 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ በአማካይ በ25 ስትንፏቀቁ ግን ያው 100 ኪሎ ሜትር 4 ሰዓት ስለሚፈጅ 6 ይሆናል። ጥላ ሥር አቁሙ፣ ስትነሱ መስኮት ከፍታችሁ የታመቀውን ሙቀት አስወጡ፣ ከዚያ ኤሲውን ክፈቱ። መኪናዋ ቻርጅ ላይ ካለች ከመውጣታችሁ በፊት ከግድግዳው መብራት አቀዝቅዟት።

ኢኮ ሞድ ብዙ መኪኖች ላይ የፊቱን ሞተር ያሳርፈዋል፣ ለዘወትር ጥሩ ነው። ስፖርት ሞድ በራሱ ሌባ አይደለም። ረግጣችሁ ከጉብታው በፊት ፍሬን ስትይዙ ግን የሰጣችሁት ሁሉ ተመልሶ አይመጣም።

8. ከመብራቱ የሚበልጠውን ወጪ መዝግቡ፦ ጎማ

የሞተር ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም፣ የፍሬን ሸራም ረጅም ዕድሜ አለው። ታዲያ ብሩ የት ነው የሚሄደው? ጎማ ላይ። ከባድ መኪና፣ ቅጽበታዊ ጉልበት፣ ትኩስ አስፋልት። አንድ ባለ 21 ኢንች ጎማ 25,000 ብር ነው እንበል፣ አራቱ 100,000። 30,000 ኪሎ ሜትር ካገለገሉ ለ100 ኪሎ ሜትር 333 ብር ነው። ከላይ ካሰላነው የመብራት ብር ከእጥፍ በላይ! ሰው ስለ መብራቱ ሲጨቃጨቅ ጎማው ዝም ብሎ ይበላዋል።

የጎማችሁን ዋጋ ከገበያ ጠይቁና በዚሁ መንገድ አስሉት። ከዚያ እነዚህን አድርጉ። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱን አስለኩ። ልኩ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል፣ ጎሚስታው በግምት እንዲሞላላችሁ አትፍቀዱ፣ ከሌላ መኪና የሚለያትን ክብደቷን አያውቀውም። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱንና የኋላውን አቀያይሩ፣ የፊትና የኋላው ስፋት የተለያየ ከሆነ ግን አይቻልም። አላይመንት አሠሩ። አምራቹ የሚፈቅደው ትንሽ ቸርኬ ካለ፣ ከ21 ወደ 19 መውረድ ሦስት ነገር በአንዴ ይሰጣል፦ ጎማው ይረክሳል፣ ርቀቱ ይጨምራል፣ ጉድጓድ ላይም ቸርኬው በቀላሉ አይጎብጥም። መልኳ ትንሽ ይቀንሳል፣ እሱን ለእናንተ ትቻለሁ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። የአዳማ አቧራ የኤሲ ፊልትሮ ቶሎ ስለሚደፍን አውጥታችሁ እዩት። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ቦሎ፣ ኢንሹራንስና የፈጣን መንገዱን ክፍያ በወር ከፋፍላችሁ ደምሩ። ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪም በየዓመቱ አስለኩ፣ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ እንኳ እሷ ከሞተች መኪናዋ አትነሳም።